በሽተኛን መጠየቅ ዕውቀትን ይጠይቃል

በአገራችን ሰው ሲታመም ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ እየተሰበሰበ መጠየቁ ከጥንት የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ከሰርግ የቀረ ሰው ይቅርታ ያገኝ ይሆናል፤ በሕመም ጊዜ ደጃፍ ያልረገጠ ግን ቂም ይያዝበታል። ሃይማኖትም ቢሆን ለክርስቲያኑም ለእስላሙም የታመመን መጠየቅ ከበጎ ምግባር አንዱ አድርጎ ያስተምራል። ዳሩ ግን ይህ ልማድ የተወለደው በሽተኛው በገዛ ቤቱ፣ በመደቡ ላይ ተኝቶ በሚታመምበት ዘመን ነው። ዛሬ በሽተኛው ሆስፒታል ገብቷል፤ ልማዱም ሳይለወጥ ተከትሎት ገብቷል። በሆስፒታሎቻችን በር ላይ በየዕለቱ የሚታየው የጠያቂና የዘበኛ ክርክር መነሻው ይኸው ነው።

ይህን ክርክር ብዙ ሰው የዘበኛው ክፋት ወይም የጠያቂው ግትርነት ያመጣው አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ግን ከሁለቱም ሰዎች ጠባይ የሚበልጥ ነው። ሆስፒታሎቻችን ያለ በሽተኛው ዘመድ እርዳታ ሥራቸውን ማከናወን አይችሉም፤ የዘመዱንም ብዛት ሊሸከሙት አይችሉም። ችግሩ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ስለ ሆነ፣ መፍትሔው በርን በመዝጋት ብቻ ወይም በርን በመክፈት ብቻ አይገኝም።

አስታማሚው ማን ነው?

በሌሎች አገሮች ለበሽተኛው ምግብ የሚያቀርብ፣ ገላውን የሚያጥብ፣ አልጋውን የሚያነጥፍ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነው። በእኛ አገር ግን ከዚህ ሥራ የሚበዛው የተጣለው በአስታማሚው ላይ ነው። ካርድ የሚያወጣው፣ ገንዘብ የሚከፍለው፣ የደም ናሙና ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ በሆስፒታሉ ያልተገኘውን መድኃኒት ከውጭ ፈልጎ የሚገዛው፣ ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርሷን የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። እንግዲህ አስታማሚ ማለት ደመወዝ የሌለው የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሚያስደንቀው ይህን ያህል ሥራ ለተጣለበት ሰው ሥራውን የሚያስተምረው አለመኖሩ ነው። ነርስ ለመሆን ዓመታት መማር ያስፈልጋል፤ አስታማሚ ለመሆን ግን ዘመድ መሆን ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ ቤተ ሰብ መጀመሪያ ማድረግ የሚገባው አንድ ዋና አስታማሚ መምረጥ ነው። ሐኪሙ የሚናገረውን የሚሰማው፣ የመድኃኒቱን ሰዓት የሚያውቀው፣ ለቀረው ዘመድ ወሬውን የሚያደርሰው ይህ አንድ ሰው ይሁን። አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ፣ ሦስተኛው እሑድ እየመጣ ሁሉም ሐኪሙን በየተራ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሐኪሙ ይሰላቻል፤ ቤተ ሰቡም ሦስት ዓይነት ወሬ ይዞ ይቀራል። አስታማሚ የሚለዋወጥ ከሆነም የታዘዘውን ሁሉ በደብተር ጽፎ ለሚተካው ያስረክብ።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል

የአገራችን የሕክምና ድርጅት በደረጃ የተዘረጋ ነው። በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። ከዚያ በላይ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ልዩ የሕክምና ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ የተመደበ ነው። ጉንፋን ይዞ ወደ ልዩ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው፣ ከሩቅ አገር ለቀዶ ጥገና የመጣውን በሽተኛ ወረፋ ይሻማል፤ ራሱም ቀኑን በከንቱ ያጠፋል።

ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ የሆነውን በሽተኛ ሪፈር ጽፎ ወደሚቀጥለው ይልካል። ይህ ወረቀት ተራ የይለፍ ወረቀት አይደለም። የበሽታው ታሪክ፣ የተደረገው ምርመራና የተሰጠው መድኃኒት የሚጻፍበት ስለ ሆነ፣ ከጠፋ ምርመራው እንደገና ሊጀመር ነው። ባለ ሪፈሩ ሆስፒታል ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የላይዘን ክፍል የሚባለውን ነው። አልጋ መኖሩን የሚከታተለውና ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ቅብብሎሹን የሚያገናኘው ይህ ክፍል ነው። ከዚህ ቀደም የተወሰዱ መድኃኒቶችንም ከነማሸጊያቸው ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ «ነጩ ክኒን» ቢባል ሐኪሙ ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልምና።

ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ግን ደረጃ መጠበቅ የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 537 አንድ የሕክምና ባለሙያ ከባድ ችግር ለደረሰበት ሰው ያለ በቂ ምክንያት እርዳታ ቢነፍግ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ይህን ማወቅ ዘበኛን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ገንዘብ አልያዝንም በማለት በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው በቤት እንዳናስቀር ነው።

ገንዘቡም ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ገደማ የሚከፍለው በሽተኛው ወይም ቤተ ሰቡ ከኪሱ አውጥቶ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረውና ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች የተስፋፋው የማኅበረሰብ ጤና መድን የታሰበው ይህን ሸክም ለማቅለል ነው። መድን ያለው ሰው መታወቂያውን ያድስ፤ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በደረጃው ይሂድ፤ ደረጃውን ከዘለለ መብቱ ሊጓደልበት ይችላል። ደግሞም የሳምባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የሕፃናት ክትባትና በጤና ጣቢያ የሚደረግ የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጡ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም።

የጠያቂ ስጦታ

ጠያቂ ባዶ እጁን አይሄድም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ጭማቂና ለስላሳ የጠያቂ የተለመዱ ስጦታዎች ናቸው። ነገር ግን ለጤነኛ ሰው ምግብ የሆነው ሁሉ ለበሽተኛ ምግብ አይደለም። ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ይበዛባቸዋል። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ያስወጣዋል፤ የደከመ ኩላሊት ግን ይህን ማድረግ ስለማይችል ንጥረ ነገሩ በደም ውስጥ ተከማችቶ የልብን አመታት እስከ ማዛባት ይደርሳል። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ፤ ይህም ለስኳር በሽተኛ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ልቡ ለደከመ ሰውም ጨው የበዛበት ወጥ ውኃ በሰውነቱ እንዲቋጠር ያደርጋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ነርሷን «ምን ይፈቀድለታል?» ብሎ መጠየቅ ከስጦታው ይበልጣል።

ከሁሉ የሚብሰው ለቀዶ ጥገና የተዘጋጀን በሽተኛ በድብቅ ማጉረስ ነው። ብዙ ጊዜ ከማደንዘዣ በፊት ከምግብና ከወተት ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከውኃም 2 ሰዓት መቆጠብ ይታዘዛል፤ ሐኪሙ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ካዘዘም ትእዛዙ ይጠበቅ። ምክንያቱም ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ጉሮሮውን መቆጣጠር አይችልም፤ በጨጓራው ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳምባው ቢገባ ሊገድለው ይችላል። እናት ልጇ በርሃብ እንዳይደክም ብላ አንድ ጉርሻ ብትሰጠው፣ ወይም ዘመድ ለበረከት ብሎ ጠበል ቢያጠጣ፣ ፍቅሩ አደጋ ሆነ ማለት ነው። በልቶ ከሆነም ለሐኪም መናገር እንጂ መደበቅ አይገባም፤ ቀጠሮው ቢተላለፍ ሕይወቱ ይተርፋል።

አራስ ለመጠየቅ የሚሄዱም ገንፎውንና አጥሚቱን ለእናቲቱ ያድርጉት፤ ለሕፃኑ ግን ቅቤ ማስዋጥ፣ ውኃ ማቅመስ ወይም ማር ማስላስ ይቅር። ለሕፃኑ እስከ 6 ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል።

እጅና ትንፋሽ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 በቪየና ከተማ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ በሚሠራበት የወሊድ ክፍል እናቶች በአራስ ትኩሳት የሚሞቱበትን ምክንያት ሲመረምር፣ ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው እጃቸውን በሚገባ ሳያጸዱ ወደ ወላዶች እንደሚሄዱ አስተዋለ። እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ከ100 ወላዶች ወደ 18 ደርሶ የነበረው ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ይህ ከሆነ 170 ዓመት አልፎታል፤ ነገሩ ግን ዛሬም አላረጀም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በሀብታም አገሮች ከ100 የሆስፒታል በሽተኞች 7፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 15 የሚሆኑት ይዘውት ያልመጡትን በሽታ በዚያው ሆስፒታል ውስጥ ይይዛቸዋል።

ጠያቂም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። አንዱን በሽተኛ ጨብጦ፣ የሌላውን አልጋ ተደግፎ፣ ሦስተኛውን ሳይታጠብ ቢያጎርስ ተሐዋስያኑን ተሸካሚው እርሱ ነው። ሲገቡም ሲወጡም በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ ወይም በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ እጅን ማሸት ይበቃል። በበሽተኛ አልጋ ላይ መቀመጥ፣ ቁስልና የግሉኮስ መሥመር መነካካት ይቅር። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ቀርቶ በስልክ ቢጠይቅ ዘመዱን የከዳ አይባልም፤ ጠበቀው እንጂ። የሳምባ ነቀርሳ ያለበትን በሽተኛ የሚጠይቅ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ መስኮትም ይከፈት፤ በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነውና። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮሮና በአገራችን በተገኘ ጊዜ ይህን ሁሉ ተምረን ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ትምህርቱንም አብረን መርሳታችን ያሳዝናል።

የበሽተኛው ምሥጢር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህ ተረት ግን በሽተኛው ለሐኪሙ እንዲናገር ነው እንጂ ጠያቂ ሁሉ እንዲያውቅለት አይደለም። ሐኪም የበሽተኛውን ምሥጢር ቢያወጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይጠየቃል፤ በአልጋው ራስጌ የተንጠለጠለውን ካርድ የሚያነበው፣ ወይም የተኛን ሰው በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሕዝብ የሚበትነው ጠያቂስ ኅሊናው ምን ይለዋል? እርዳታ ለመለመን ቢሆንም እንኳ በመጀመሪያ የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ቤተ ሰብ ከራሱ ከበሽተኛው የሚደብቀው ነገር ነው። በተለይ በሽታው ካንሰር ሲሆን፣ መርዶ የማርዳት ልማዳችንን ወደ ሆስፒታል እንወስድና ሐኪሙን «ለእርሱ እንዳትነግሩት» ብለን እንለምናለን። የምናደርገው ከርኅራኄ ነው፤ ዳሩ ግን አካለ መጠን የደረሰና አእምሮው የተስተካከለ ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ የመወሰን መብት አለው። ሕክምና በበሽተኛው ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት በ2006 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ተደንግጓል። በሽታውን ሳያውቅ የሚፈርም ሰው ምን እንደ ፈቀደ አያውቅም። ዕዳውን ለመክፈል፣ ልጆቹን ለመምከር፣ ከተጣላው ጋር ለመታረቅ የሚያስፈልገውንም ጊዜ እናሳጣዋለን። ስለዚህ ጥያቄው «ይነገረው ወይስ አይነገረው?» ከመሆን ይልቅ «ማን፣ መቼ፣ በምን አነጋገር ይንገረው?» መሆን አለበት።

ደምና መውጫ

ቀዶ ጥገና ሲታዘዝ ደም ፍለጋ የሚሯሯጥ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ቀይ መስቀል ለብዙ ዘመን ሲያካሂደው የነበረው የደም ባንክ በ2004 ዓ.ም. ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ፣ የተያዘው ዓላማ ደም በጭንቅ ሰዓት ከዘመድ ሳይሆን አስቀድሞ ከበጎ ፈቃደኛ እንዲሰበሰብ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ሊለግስ ይችላል። ሙዝ ገዝቶ ከመሄድ ይልቅ ደም ሰጥቶ የሄደ ጠያቂ የተሻለ ስጦታ አመጣ።

በሽተኛው ድኖ ሲወጣም የሚሰጠው ማጠቃለያ ወረቀት ይጠበቅ፤ የቀጠሮው ቀን፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድና ወዲያው እንዲመለስ የሚያደርጉት ምልክቶች ከመውጣቱ በፊት ይጠየቁ። «ተሻለኝ» ብሎ መድኃኒትን በመካከል መተው፣ በተለይም የሳምባ ነቀርሳን መድኃኒት፣ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምደው ማድረግ ነው።

ለነገዎቹ ሹማምንት

ከላይ የተዘረዘረው ነገር አብዛኛው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በአንድ ገጽ ታትሞ ካርድ ሲወጣ አብሮ ሊሰጥ፣ ማንበብ ለማይችለውም በአካባቢው ቋንቋ በድምፅ ማጉያ ሊነገር ይችላል። የመጠየቂያው ሰዓት ሲወሰንም ሠራተኛውና ከገጠር የመጣው ሰው መቼ እንደሚደርስ ይታሰብ፤ ለአንዱ ዋና አስታማሚም የታወቀ ምልክት ይሰጠው፤ ዘበኛውም ከመከልከል በፊት ማስረዳት ይማር። ደንብ ያለ ማብራሪያ ሲወጣ ለሕዝቡ ጭቆና ይመስለዋል፤ ልማድም ያለ ዕውቀት ሲሠራበት በሽተኛውን ይጎዳዋል።

ዛሬ በትምህርት ቤት ያለው ወጣት ነገ የሆስፒታል አስተዳዳሪ፣ የወረዳ ሹም ወይም ሐኪም ይሆናል። እስከዚያው ግን በቤቱ ውስጥ ፊደል የቆጠረው እርሱ ስለ ሆነ፣ የታመመውን ዘመዱን ወረቀት የሚያነበው፣ ሐኪሙን የሚጠይቀው፣ አያቱን «እማማ፣ ዛሬ እንዲበላ አልተፈቀደለትም» ብሎ በትሕትና የሚያስረዳው እርሱ ነው። «እግዚአብሔር ይማርህ» የሚለው ቃላችን ለበሽተኛው ትልቅ መጽናኛ ነው፤ የታጠበ እጅ፣ የተጠበቀ ምሥጢርና የተከበረ የሐኪም ትእዛዝ ሲታከልበት ደግሞ መጽናኛው እርዳታም ይሆናል።