የሁለት ቀን በግና የአሥር ዓመት ውሻ

«ውሻ አለኝ» አልኩት ደላላውን፣ ውል ከመፈራረማችን በፊት።

«አለቃ፣ ቤቱ ያንተ፣ ውሻው ያንተ! ማንን ምን አገባው?» ብሎ ሳቀና ስለ ውኃው ማውራቱን ቀጠለ።

ካርታውን አየሁ። የባንክ ዕዳው ማለቁን አረጋገጥኩ። ባለ ዕጣው እንዳይሸጥ የሚከለከልበት አምስት ዓመት ማለፉንም ቆጠርኩ። ሳልጠይቅ የቀረሁት የሕንፃውን መተዳደሪያ ደንብ ብቻ ነው።

ቦቢ የግቢ ውሻ ነበር። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ የበላበትን የቆርቆሮ በር ስድስት ዓመት ጠብቋል። አራተኛ ፎቅ ሲገባ ግን ሥራው ተምታታበት። በራችን ደረጃው ራስ ላይ ነው፤ ኮቴ በሰማ ቁጥር ሌባ የመጣ ይመስለዋል። እኔ ሥራ ስሄድ ደግሞ ያላዝናል። በሁለተኛው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ውሻህ አንተ ከወጣህ ጀምሮ ሲያለቅስ ይውላል። እኔም ጸሎቴን መጨረስ አቃተኝ። ደረጃው ላይም ሸንቷል።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው እንጂ ሆዴ ግን «በገዛ ቤቴ!» ይል ነበር።

«በገዛ ቤቴ» ግን ግማሽ እውነት ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤት ያደረገኝን ያህል፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን ደግሞ የሁላችን አድርጎታል። የባለቤቶቹ ማኅበር ደንብ ያወጣል፤ ደንቡም ዘግይቶ የገዛውን ጭምር ያስገድዳል። ከሊቀመንበሩ ተውሼ አነበብኩት። የጥበቃ ደመወዝ አለ፣ የኮሪደር መብራት አለ፣ የቆሻሻ መዋጮ አለ። ስለ እንስሳ አንዲት ቃል የለም። ውሻዬ አልተከለከለም፤ አልተፈቀደለትምም።

ኮንዶሚኒየምን የነደፉት ሰዎች እንስሳን ጨርሰው ረስተዋል ማለት አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ከገርጂው ጅማሮ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ሳይቶች፣ ከመኖሪያ ብሎኮቹ ጎን ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት ታስቦ ነበር። የእኛው ሱቅ ሆኗል፤ በጉም ደረጃ ሥር ይታረዳል። የሆነ ሆኖ፣ ሁለት ቀን ሰንብቶ ለሚበላው እንስሳ ቦታ ታስቦለት ነበር። አሥር ዓመት አብሮን ለሚኖረው ግን ማንም አላሰበለትም። ድመት አይጥ ስለምትይዝ ስብሰባ አልተጠራባትም። ስለ ቦቢ ግን ተጠራ።

ከስብሰባው የተማርኩት፣ ጎረቤት ሲፈራ ምክንያት እንዳለው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከጎኔ የተቀመጠው አባወራም ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉት። «ውሻዬ ጨዋ ነው» የሚለው መሐላዬ ለእሱ ምኑም አይደለም። በየዓመቱ የታደሰውን የክትባት ካርዱን ሳሳየው ግን ፊቱ ፈታ አለ። የተስማማነው ቀላል ነው፦ ደረጃ ላይ በማሰሪያ፣ በረንዳ ላይ ብቻውን ማሳደር ክልክል፣ ያቆሸሸውን ባለቤቱ ያነሳል። እኔ በበኩሌ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ አንድ ሰዓት ሙሉ አስሮጠዋለሁ። የደከመ ውሻ ይተኛል እንጂ አያላዝንም።

ውሻን ጨርሶ መከልከል የሚፈልጉ ማኅበራት ይኖራሉ፤ አልስማማም። «ቤቴ ነው» ብሎ ጆሮውን የሚደፍን ባለ ውሻም ያው ነው። ቤት የምትገዙ ግን ከካርታው ጋር ደንቡንም ጠይቁ። ስለ እንስሳ ዝም ካለ፣ ከመግባታችሁ በፊት የላይና የታች ጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። እኔ ቀድሜ ባንኳኳ ኖሮ የሦስተኛ ፎቋ እናት የእኔን ባላንኳኩ ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ ከቦቢ ጋር ስንወርድ ሦስተኛ ፎቅ የደረጃው ብረት ላይ ሙክት ታስሯል። ቦቢ ቀጥ አለ። ሙክቱም ቀጥ አለ።

«ልጄ፣ በጌን እንዳያስደነግጥብኝ» አሉ እናት ከበራቸው ብቅ ብለው። «ለሁለት ቀን ነው፤ ቻሉት።»

ቦቢን አቅፌ አለፍኩ። ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ የሙክቱ በጠጥ ተበትኗል። ለቦቢ ብዬ ከኪሴ የማልለያትን ፌስታል አወጣሁና ጎንበስ አልኩ።