ስሙን ሸምድደን ማስረጃውን አንርሳ

ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ። ይህን የሰባት ቃላት መሰላል በቃሉ የማይወጣ ከመካከላችን የለም። ነገ ደግሞ በተራችን ለተማሪዎቻችን ልናስተምረው ነው። ታዲያ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይኼ ፍጥረት ከዚህ ወገን መሆኑ በምን ታወቀ?» ቢለን ምን ልንመልስ ነው? «መጽሐፉ ስለሚል» ነው የምንለው? ነገሩን የሚያስረዳልን አንድ ምሳሌ እነሆ።

በባሕር ውስጥ ብራዮዞአ የሚባሉ እንስሳት አሉ። አንዱ ብቻውን ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነገር ግን እጅግ ብዙ ሆነው ተያይዘው ይኖራሉ። እያንዳንዱ በጠባብ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቀጫጭን መዳሰሻዎቹን ወደ ውጭ ዘርግቶ ከውኃው ምግቡን ያጠምዳል። በድንጋይና በዛጎል ላይ ተለጥፈው ሲታዩ ዕፅዋት ይመስላሉ። የብዙዎቹ የክፍል ግድግዳ እንደ ኖራ ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ቅሪተ አካላቸው በዐለት ውስጥ በብዛት ይገኛል።

አከራካሪ ያልሆነው ጥንታዊ ቅሪተ አካላቸው 480 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ጠንካራ አካል ያላቸው ሌሎች ዐበይት የእንስሳት ክፍለ ስፍኖች ከዚያ አስቀድሞ በነበረው በካምብሪያን ዘመን ታይተዋል። ብራዮዞአ ብቻ ለምን ዘገየ?

እ.ኤ.አ. በ2021 መልሱ የተገኘ መሰለ። ፕሮቶሜሊሽን የተባለው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ወገን፣ ከአውስትራልያና ከቻይና በተገኙ ናሙናዎች ተጠና። ጥቃቅን ክፍሎቹ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ስለሆኑ «ብራዮዞአ ነው» ተብሎ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ2023፣ በዚያው መጽሔት ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች ተቃወሙ። በቻይና ዩናን ለስላሳ አካሉ ጭምር ሳይጠፋ የቆየ ናሙና አግኝተው ነበር። ከክፍሎቹ ብቅ ያሉት ቅጠል መሰል ነገሮች እንጂ መዳሰሻዎች አልነበሩም። ስለዚህ «አረንጓዴ አልጌ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ «ሁለቱም አይደለም፣ ሌላ ዐይነት እንስሳ ነው» የሚሉ ተነሥተዋል።

እንግዲህ ልብ እንበል! ቅሪተ አካሉ ያው ነው። ስሙም አልተለወጠም። የተለወጠው ማስረጃው ነው። በ2021 የተባለውን ብቻ ሸምድዶ የቀረ መምህር ዛሬ ተማሪዎቹን የሚያሳስተው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም በደንብ ስላጠና ነው።

«ሕፃናትን በክርክር ግራ ማጋባት አይገባም፣ መጀመሪያ መሠረቱን ይያዙ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አባባላቸው እውነትነት አለው። እኛም መሰላሉ ይቅር አላልንም፤ ሰባቱ ቃላት ባይኖሩ ኖሮ ክርክሩንም መናገር ባልተቻለ ነበር። የምንለው፣ ከስሙ ጋር ምክንያቱ አብሮ ይሰጥ ነው። «ክፍሎቹን አይተው እንዲህ አሉ፤ ለስላሳውን አካል ሲያዩ ሌላ አሉ» ቢባል ልጅ ምን ግራ ይገባዋል? የሚከብደው ለእኛ ነው እንጂ።

ግለ ሂስም እናድርግ። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ጥያቄ ሲጠናብን «ወደ ፊት ትደርሱበታላችሁ» ብለን ያለፍን ብዙዎች ነን። ልጁ እጁን አወረደ፣ እኛም ተነፈስን። ያ እጅ ግን ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። እኛ ዕጩ መምህራን በምናዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ላይ «በምን ታወቀ?» የምትል አንዲት መሥመር እንጨምር። ውድ መምህሮቻችን ደግሞ በፈተና ላይ ለስሙ ብቻ ሳይሆን ለምክንያቱም ነጥብ ይስጡን። ምክንያቱን ተጠይቀን ካላደግን ምክንያቱን የሚጠይቅ ተማሪ ማሳደግ አንችልም።