የማይክሮን ሙያ፦ የማሽኒንግ ሥልጠና ጥራት በምን ይለካል?

አንድ ፋብሪካ ሥራ የሚያቆመው ግዙፍ ማሽን ሲሰበር ብቻ አይደለም። አንድ ዘንግ ሲበላ ወይም አንድ የማርሽ ጥርስ ሲሸረፍም መስመሩ ይቆማል። መለዋወጫው ከውጭ እስኪገባ ድረስ ሠራተኛው ይጠብቃል፣ ለግዥውም የውጭ ምንዛሪ ይወጣል። የ“ኢትዮጵያ ታምርት” ንቅናቄ በ2014 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ምርቶችን በአገር ውስጥ የመተካት ጉዳይ ትኩረት አግኝቷል። መለዋወጫን መተካት የሚቻለው ግን ብረትን በረቂቅ ልክ መቅረጽ የሚችል ባለሙያ ሲኖር ነው። የፕሪሲሽን ማሽኒንግ ሥልጠና አስፈላጊነትም ከዚህ ይመነጫል።

“ረቂቅ ልክ” ማለት ምን እንደሆነ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ኩሽኔታ ለሚገባበት 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ በብዛት ከሚሠራባቸው ዓለም አቀፍ ልኮች አንዱ፣ ዘንጉ ከ40.002 እስከ 40.018 ሚሊ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃል። የሚፈቀደው ልዩነት 0.016 ሚሊ ሜትር ወይም 16 ማይክሮን ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከአብዛኛው የሰው ፀጉር ውፍረት በእጅጉ ያነሰ ነው። ዘንጉ ከዚህ ልክ ካነሰ ኩሽኔታው ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይበላዋል፤ ከበለጠ ደግሞ ኩሽኔታው ተጨንቆ ይግላል፣ ያለጊዜውም ይበላሻል።

ሙቀትም ልክን ያዛባል። የዓለም አቀፉ የልኬት መነሻ የሙቀት መጠን 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ይኸው ዘንግ ከቶርኖ ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት እንደወረደ ቢለካ ከእውነተኛው ልኩ በ9 ማይክሮን ገደማ በልጦ ይገኛል፤ ይህም ከሚፈቀደው ልዩነት ከግማሽ በላይ ነው። ንባቡን አምኖ ብረቱን የቀነሰ ሠልጣኝ ዘንጉ ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ስህተቱ የማሽኑ ሳይሆን የለኪው ነው።

በመሆኑም የአንድ ኮሌጅ የሥልጠና ጥራት በገዛቸው ዘመናዊ ማሽኖች ብዛት ብቻ ሊመዘን አይገባም። የሲኤንሲ ማሽን የታዘዘውን በታማኝነት ይደግማል፤ የተሳሳተ ትእዛዝ ከተሰጠውም መቶ የተበላሹ ዕቃዎችን ያመርታል። ሠልጣኙ አስቀድሞ ንድፍ ማንበብን፣ በካሊፐርና በማይክሮሜትር መለካትን፣ በመደበኛ ቶርኖና ሚሊንግ ማሽን መሥራትን ሊለምድ ይገባል።

ይህ ልምድ የሚገኘው በማሽን ላይ በሚያሳልፉት ሰዓት ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 በመቶው በተግባር፣ 30 በመቶው በንድፈ ሐሳብ እንዲሰጥ አቅጣጫ ተቀምጧል። ይሁን እንጂ ለአብነት 10 ሠልጣኞች አንድ ቶርኖ ከተጋሩ፣ ከ6 ሰዓት የተግባር ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው 36 ደቂቃ ብቻ ነው። የመለማመጃ ብረትና መቁረጫ ሲጎድል ይህም ይቀንሳል። ስለዚህ የማሽን ግዥ በጀት ሲያዝ የግብዓት፣ የጥገናና የመለኪያ መሣሪያዎች ፍተሻ በጀት አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ክፍተቱን ለመሙላት የትብብር ሥልጠና ዋነኛ መንገድ ነው። የድርጅት ባለቤቶች ውድ ማሽንን ለጀማሪ ለመስጠት መሥጋታቸው ምክንያት አለው። ሆኖም ወደ ድርጅት የተላከ ሠልጣኝ የብረት ፍቅፋቂ ሲጠርግ ከዋለ ሥልጠናው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። መፍትሔው ሠልጣኙ የሚሠራቸውን ሥራዎች በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ነባር ባለሙያ መመደብ፣ የተሠራውንም ዕቃ ለክቶ መመዝገብ ነው።

ዘርፉ ለወጣቶች ሰፊ የዕድገት መንገድ አለው። በኦፕሬተርነት የጀመረ ባለሙያ ወደ ማሽን ዝግጅት፣ ወደ ሲኤንሲ ፕሮግራም አዘጋጅነት፣ ወደ ሞልድ ሥራ ወይም ወደ ጥራት ቁጥጥር ሊያድግ ይችላል። ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ የዕለት ተዕለት መሣሪያዎቹ በመሆናቸው፣ ሙያው በቀለም ትምህርት ያልገፉ ተማሪዎች መጠጊያ ነው የሚለው አመለካከት ሊታረም ይገባል።

ወጣቶችና ወላጆች ኮሌጅ ሲመርጡ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ይጠቀማሉ፦ ሠልጣኙ በሳምንት ስንት ሰዓት በማሽን ላይ ይሠራል? የመለኪያ መሣሪያዎቹ በየጊዜው ይፈተሻሉ? የትብብር ሥልጠናውስ የት፣ በማን ክትትል ይሰጣል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ ምላሽ ያለው ኮሌጅ፣ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ፋብሪካው የሚፈልገውን ሙያ ለሠልጣኙ ማስጨበጥ ይችላል።