የመለኪያ መሣሪያዎች ቃል እንዲስማማ ስለሚገባ

በአንድ ሸለቆ ሦስት ልዩ ልዩ ክፍሎች የዝናም፥ የአፈር እርጥበትና የወንዝ መለኪያ መሣሪያ ቢተክሉ፥ ቍጥሩም በአንድ መዝገብ ቢሰበሰብ፥ ለአገር ሹም የሚበቃ ዕውቀት የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን ቍጥር ትርጕሙ አብሮት ካልመጣ ያሳስታል።

የዝናም መለኪያ ጠባቂ ጧት በ3 ሰዓት የሚጽፈው ያለፈውን የ24 ሰዓት ዝናም ነው፤ ከሌሊት እኩሌታ እስከ ሌሊት እኩሌታ እንዲደምር የተሠራው መሣሪያ ግን ሌላ ቀን ይቈጥራል። ሁለቱም «የማክሰኞ ዝናም» ይላሉ፤ ዝናሙ ግን አንድ አይደለም። ደግሞም የኢትዮጵያ ጧት 3 ሰዓት በፈረንጅ አነጋገር 9፥ በዓለም አቀፉ ሰዓት 6 ነው። የአፈር እርጥበትም 20 በመቶ ሲባል፥ ከክብደቱ ነውን ወይስ ከይዘቱ? አንድ ሊትር አፈር ሲደርቅ 1.3 ኪሎ የሚመዝን እንደ ሆነ፥ በክብደት 20 የተባለው በይዘት 26 ይሆናል። ይህን ሳይለይ መስኖ የሚያስከፍት ሹም ወይ ውኃውን ያባክናል፥ ወይ ቡቃያውን ያደርቃል። ጋሻ መሬት በየአገሩ ስፋቱ ይለያይ በነበረበት ዘመን በአንድ ስም ሁለት ልክ መኖሩ ምን ያህል ክርክር እንዳስነሣ የሽማግሎች ወሬ አልጠፋም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ኦንቶሎጂ ይባላል፤ ይኸውም የነገሮችን ስም፥ ትርጕምና ዝምድና ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል አኳኋን የሚደነግግ መዝገብ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ደብሊው ስሪ ሲ እና ኦ ጂ ሲ የተባሉት ደንብ አውጪ ማኅበሮች ኤስ ኤስ ኤን የተባለውን ደንብ በአንድነት አወጡ። በዚህ ደንብ እያንዳንዱ ልክ የትኛው መሣሪያ፥ የምንን ነገር የትኛውን ጠባይ፥ በምን ዘዴ፥ በስንት ሰዓት እንደ ለካው ከቍጥሩ ጋራ ተያይዞ ይጓዛል። ትርጕምን ማስማማት የሚቻል ሥራ ስለ መሆኑም፥ በ2009 በቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአፈር እርጥበት መረብ ምስክር ነው፤ ከብዙ አገሮች የመጣውን ልክ ወደ አንድ መስፈሪያና ወደ አንድ ሰዓት መልሶ ያቀርባል።

ስለዚህ ገንዘብ የተሰጠው ሹም አራተኛ መሣሪያ ከመግዛቱ አስቀድሞ የሦስቱን ቃል ማስማማት ይገባዋል። መሣሪያ ሲተከል ይመረቃል፥ ድግስም ይደገሳል፤ ለትርጕም መዝገብ ግን የሚደግስ የለም፤ ሥራው የሚዘገየውም ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ሆኖም ኦንቶሎጂ ያልተጻፈውን አያውቅም። መሣሪያው የተቀበረ ዕለት ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን 50 ያልተመዘገበ እንደ ሆነ፥ ማንም ሊቅ ከቍጥሩ አያወጣውም፤ አካፋ ይዞ ሄዶ መቈፈርና በሜትር መለካት ያስፈልጋል።