ድፍረት የሚለመደው ጀበል ሃፊት ላይ አይደለም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞተር ነው። አዎ፣ ስለ ሞተር ሳይክል። «የቤት ሠራተኛና ሞተር ምን አገናኛቸው?» የምትል ካለች ትንሽ ትታገሰኝ።

ሰሞኑን የኛ ልጆች በእረፍት ቀናቸው ጀበል ሃፊትን በሞተር ሲወጡ የተቀረጹትን ቪዲዮ አያለሁ። አንዷ ከኋላ ተፈናጣለች፣ ሄልሜት የላትም፣ ያደረገችው ነጠላ ጫማ ነው። ሌላዋ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ሳይኖራት ራሷ ይዛዋለች። ያያት ሁሉ «ጀግና!» ይላታል። እኔ አልላትም።

ቅናት እንዳይመስላችሁ፣ እኔም እነዳለሁ። የማዳሜ ትልቋ ልጅ ሞተር ስትጀምር አብራት የምትሄድ ሴት ፈለገች፣ ለመንጃ ፈቃዴም ቤተሰቡ ከፈለልኝ። ዕድለኛ ነኝ፣ አልደብቅም። ግን የመጀመሪያው ቀን ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ፣ ገና ሳልንቀሳቀስ፣ የቆመ ሞተር ይዤ ወደቅሁ። ሦስት ጊዜ። ማታ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የሠራነው አንድ ነገር ነው፤ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ በሰው እርምጃ ፍጥነት መሄድ፣ መዞር፣ ስምንት ቁጥር መሥራት። መፍጠን ቀላል ነው፣ ሞተር ሲፈጥን ራሱን ችሎ ይቆማል። የሚጥለው ቀስ ሲል ነው። አሰልጣኛችን በተሰባበረ አረብኛ የሚደጋግሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጎማውን አትዪ፣ የምትሄጂበትን እዪ።» እውነታቸውን ነው። ጎማዬን ሳይ እወድቃለሁ፣ ቀና ስል እታጠፋለሁ።

አሁን ጀበል ሃፊትን አስቡት። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 60 ያህል መታጠፊያ አለው። መውጣቱስ ይሁን፣ ጉዱ መውረዱ ላይ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ወርዶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግን ያልተማረች ልጅ ፍሬኑን እንደጨመቀች ትወርዳለች። ፍሬኑ ይግላል፣ ሲግል መያዝ ይቀንሳል። መታጠፊያው ላይ ነፋስ የበተነው አሸዋ ካለና የፊት ፍሬን ከያዘች ደግሞ አለቀ። ከኋላ የተቀመጠችው ምስኪንማ ምንም የምታደርገው የለም።

እኛ አቡዳቢ ለመሄድ የተነሳነው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከአል ዓይን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ሲሄዱት ምንም አይመስልም። በጥር አንድ ማለዳ ወጣን፣ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጭጋግ ዋጠን። ቤንዚን ማደያ ገብተን ሻይ ጠጣን፣ ጭጋጉ ሲገፍ ወደ ቤት ተመለስን። ልጅቷ አኮረፈችኝ። በሁለተኛው ሙከራ ደረስን። ትልልቅ መኪና ባለፈን ቁጥር ነፋሱ እየገፋኝ፣ ሳልወርድ እጄ ደንዝዞ። (ለምትነዱ፦ አቡዳቢ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ ምልክቱ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ራሱ ነው ገደቡ፣ እንደ ዱባይ የ20 ኪሎ ሜትር ይቅርታ የለም።) «አልፈራሽም?» ይሉኛል። እፈራለሁ እንጂ! አሁንም እፈራለሁ። ግን ያን ቀን ጭጋጉን አይቼ «እንመለስ» ማለት የቻልኩት ግቢው ውስጥ በለመድኩት ነው።

አትንዱ እያልኩ አይደለም። የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው እረፍት ሰጥቶናል። (የማይሰጡ ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፣ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ቀኑ የኛ ነው። መማር የምትፈልግ በቪዛዋ ይፈቀድላት እንደሆነ መጀመሪያ ትጠይቅ። ገንዘቡ ካልሞላላት በሳይክል ትጀምር፤ ሚዛኑም፣ ቀና ብሎ ማየቱም፣ ፍሬን አያያዙም እዚያው ይለመዳል። ያለ መንጃ ፈቃድ መያዝ ግን እዚህ አገር ወንጀል ነው። ያውም ሰው ብትገጪስ? እዚያ ቤት ወር ጠብቃ ብር የምትቀበል እናት አለችሽ።

«ነይ ተራራውን ላሳይሽ» የሚልሽን ልጅ ሁለተኛ ሄልሜት እንዳለው ጠይቂው። የለኝም ካለሽ ከጓደኞችሽ ጋር ታክሲ ተጋሩና ተራራው ሥር ግሪን ሙባዘራ ሂዱ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ እግራችሁን ፍል ውሃው ውስጥ ክተቱ። ቡናውን በፔርሙስ መያዝ እንዳትረሱ።