ቡቺን አስረን ብንጠብቀው ኖሮ

የዚህ ቡለቲን አዘጋጆች “ስለ ርኅራኄ የምትሉት ካለ ጻፉ” ሲሉን፣ መቼም ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያሰብነው በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ የሚዘረጋውን እጅ ነው። እኔም እሱን ጀምሬ ነበር። ግማሽ ገጽ ከሄድኩ በኋላ ቀደድኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ርኅራኄ በተባለ ቁጥር እኔ ትዝ የሚለኝ አንድ ውሻ ነው። ቡቺ ይባላል። የገደልነው እኛ ነን።

ቤታችን ከአሰላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ስንዴና ገብስ፣ ጭጋግ፣ በጥቅምት አጥንት የሚሰብር ውርጭ። እዚያ ውሻ የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ ጅቡ ለበጎቹ እንቅልፍ አይሰጥማ! ታዲያ ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አድሮ ጠዋት የሚያገኘው ምንድነው? ከተገኘ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ካልተገኘ ደግሞ ድንጋይ። ቡቺም እንደዚያው ነበር። ቤት ውስጥ አይገባም፣ ማንም አይነካውም፣ ክትባት የሚባል ነገር ለውሻ መኖሩንም አናውቅም ነበር። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” እንላለን፤ ቡቺ ግን ሳይበላም ይጮህልን ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት የአክስቴ ልጅ እኛ ዘንድ መጣ። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። አንድ ቀን ቡቺ አጥንት ይዞ ተኝቶ ሳለ ልጁ ሄዶ አጥንቱን ጎተተበት። ቡቺም ባቱን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበረች፤ ደም ግን ወጣ። ከጎረቤት አንዱ “አብዷል!” ብሎ ጮኸ። በቃ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። ዱላ የያዘው በዱላ፣ ድንጋይ ያነሳው በድንጋይ ተረባረበበት። ከድንጋዮቹ አንዷን የወረወርኳት እኔ ነኝ። ቡቺ አልሸሸም፤ ወደ ቤቱ በር ነው የሮጠው።

ከዚያ ደግሞ ቁስሉ ላይ ምን ይደረግ የሚል ክርክር ተነሳ። አንዱ ቅጠል አለ፣ አንዷ ጠበል አለች። እማዬ ግን ማንንም ሳትሰማ በሳሙናና በውኃ ደጋግማ አጠበችው። (ከየት ሰምታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ ለ15 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ውኃና በሳሙና ማጠብ።) በማግስቱ ጠዋት ይዘነው ወደ ከተማ ወረድን። ያገኘነው የጤና ባለሙያ ቁስሉን አይቶ የመጀመሪያ ጥያቄው፦

“ውሻው የት አለ?”

“ገደልነው” አለች እማዬ።

“የማን ነበር?”

“የኛው።”

“ክትባት ነበረው?”

ዝም አልን። ሰውየው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና “አስራችሁ አሥር ቀን ብትጠብቁት ኖሮ እርግጡን እናውቅ ነበር እኮ” አለን።

ይህን አሥር ቀን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። የበሽታው ተሕዋስ በነርቭ በኩል ተጉዞ መጀመሪያ አንጎል ይገባል፤ በምራቅ ውስጥ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የታመመ ውሻ በንክሻ ማስተላለፍ የሚጀምረው ለመሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የነከሰው ውሻ ከአሥር ቀን በኋላም በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጤነኛ ሆኖ ከቆመ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው መጠበቅ የለበትም፤ ቁስሉ ወዲያው ይታጠባል፣ ክትባቱም ወዲያው ይጀመራል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላልና! ውሻው ደህና መሆኑ ከታወቀ ግን የተጀመረው ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። ውሻው ከሞተም በሽታውን በላቦራቶሪ ለማረጋገጥ የሚመረመረው አንጎሉ ነው። እኛ ደግሞ መጀመሪያ ያፈረስነው ጭንቅላቱን ነበር።

የአክስቴ ልጅ መርፌውን በሙሉ ወሰደ። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት ነው፤ ለ14 ቀናት በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ። ልጁ ሰባተኛው ቀን ላይ ገና ከቤት ስንወጣ ነበር ማልቀስ የሚጀምረው። እማዬ የጤፍ መግዣዋን ለትራንስፖርት ጨረሰች። ተመስገን፣ ልጁ ዛሬ ደህና ነው፤ ውሻ ሲያይ ግን እስካሁን መንገድ ይቀይራል። ቡቺ ታሞ ነበር? በዚያ ጠዋት ፍርፋሪውን በልቶ ውኃውንም ጠጥቶ ነበር። አጥንቱን የነጠቁት ውሻ ምን ያድርግ? እርግጡን ግን የምናውቅበት መንገድ የለም፤ ራሳችን ዘግተነዋልና።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ርኅራኄን ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ነገር እናየዋለን፤ ጊዜና ገንዘብ ሲተርፍ የሚደረግ፣ የዋሆች የሚሠሩት። “ሰው ተቸግሮ ለውሻ?” የሚለውን አባባል ስንቴ ሰምተነዋል! በእኛ ቤት የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ለቡቺ ትንሽ ብንራራ፣ ማለትም ቀድመን ብናስከትበው፣ ያም ባይሆን በገመድ አስረን ውኃና ምግብ እየሰጠን ብንጠብቀው፣ የሚጠቀመው ልጁ ነበር። ጭካኔያችን የተከፈለው በልጁ ሆድ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ ከእነዚህ 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ታዲያ ይህን የሰማ ሰው “እንግዲያው ውሾቹን ማጥፋት ነዋ!” ቢል አይገርምም፤ በየከተማው በመርዝ ሲደረግ የኖረውም ይኸው ነው። ነገር ግን መግደል በሽታውን አላቆመውም። የሞቱት ውሾች ቦታ ላይ ብዙ ሳይቆይ ያልተከተቡ ቡችሎች ይተካሉ፤ የተከተበ ውሻ አብሮ ከተገደለም በበሽታውና በእኛ መካከል የቆመ አጥር ፈረሰ ማለት ነው። በየአካባቢው ከውሾቹ 70 በመቶው ሲከተብ ግን በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቆረጣል። ይህ በብዙ አገሮች ተሞክሮ ተሳክቷል።

ስለ ተፈጥሮስ ምን አለ ትሉኝ ይሆናል። ቀና ብላችሁ ጭላሎን እዩ። እዚያ ላይ ቀይ ቀበሮ አለች። በኦሮምኛ “ጄዳላ ፋርዳ”፣ የፈረስ ቀበሮ ይሏታል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም የትም የለችም፤ ያሉት አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቋቋም እሷም ከሚጠበቁት አንዷ ነበረች። የቀበሮዋ ትልቁ ሥጋት ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፤ ከትልልቆቹ ሥጋቶች አንዱ ከእረኛ ጋር ወደ ተራራ የሚወጣው ያልተከተበ ውሻ ነው። በጎረቤታችን በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ይኸው በሽታ ከውሾች ተሻግሮ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት እስከ መጀመር የተደረሰው ለዚህ ነው። እኔ ይህን ያነበብኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ አሥራ ምናምን ዓመት ከተራራው ሥር ኖሬ! እና ግርጌ ላይ ያለ አንድ ገበሬ ውሻውን ቢያስከትብ፣ ልጁንም በጎቹንም በዓይኑ አይቷት የማያውቃትን ቀበሮም ጠበቀ ማለት ነው።

ጎረቤታችን ሐጂ ቡቺ በተገደለ ሰሞን የነገሩን ነገር አለ። እሳቸው ውሻ አይነኩም፤ በሃይማኖታቸው የውሻ ምራቅ ልብስ ያረክሳል። ግን “ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት አልሰማችሁም?” አሉን። እማዬ ደግሞ የአልዓዛርን ቁስል የላሱትን ውሾች አነሳች። ሁለቱም ዕለቱን እዚያው ነበሩ፤ ሁለቱም አላስቆሙንም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም አልቆምኩም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ወደ ክፍላችን ልምጣ። እኛ ነገ ዜና የምንጽፍ ሰዎች ነን። “ባለቤት አልባ ውሾች ተወገዱ” የሚል ዜና በሬዲዮ ስንሰማ ዝም ብለን እናልፋለን። “ተወገዱ” ምን ማለት ነው? በምን? ከመካከላቸው የተከተበ ነበር? በዚያ ዓመት በዚያ ከተማ ስንት ውሻ ተከተበ? አራት ጥያቄ ነው፤ የዜና አጻጻፍ አንደኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል። የበሽታው ስም ራሱ “የእብድ ውሻ” ስለሆነ በሬንም አህያንም ሰውንም እንደሚይዝ እንረሳለን፤ ጥፋተኛው ከስሙ ጀምሮ ተፈርዶበታል።

ሌላም ሌላም ማንሳት ይቻላል። ዳገት ላይ ከጋሪ ወርዶ ፈረሱን ማሳረፍ፣ ባለጋሪውን “እግዜር ይስጥልኝ” ማለት፣ በጋ ላይ ደጃፍ አንድ ጣሳ ውኃ ማኖር፣ ውሻ ላይ ድንጋይ የሚወረውርን ልጅ ሳይቆጡ እጁን መያዝ። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ አንዱን አጥብቄ እለምናለሁ። ሴፕቴምበር 28 የበሽታው መከላከያ ቀን ሆኖ በዓለም ይታሰባል። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። ቤት ውስጥ ሥጋና አጥንት የሚበዛበት፣ ከተማሪው ብዙው ቤተሰቡ ጋ የሚሆንበት ሰሞን። በዚያ ሰሞን ቤት ያላችሁ ውሻችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። ካላችሁበት መሄድ ካልቻላችሁ ስልክ ደውላችሁ ታናሽ ወንድማችሁን ላኩ።

እኔ ባለፈው ዓመት አድርጌዋለሁ። እማዬ ከጎረቤት ያመጣችውን ቡችላ፣ አሁን ትልቅ ሆኗል፣ በገመድ ይዤ በእግር ወረድኩ። መንገድ ላይ ያላፌዘብኝ የለም፤ አንዱ እንዲያውም “ስንተኛ ክፍል ነው?” አለኝ። መርፌው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የሰጡኝን ወረቀት እማዬ ከግብር ደረሰኙ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ክትባቱ መታደስ አለበት፤ በመጪው መስከረም እኔ ካልደረስኩ የአክስቴ ልጅ ይውሰደው ብለናል። እሱ ግን ገና እሺ አላለም።