«ፎቶህን አታውጣ» ባዩ ማን ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከተለቀቀ ወዲህ የትምህርት ቤቶችን የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ያየ ሰው የተማሪዎች አልበም የገለጠ ሳይመስለው አይቀርም። ፎቶ፣ ስም እስከ አያት፣ ከጎኑ የመጣው ነጥብ። አንዳንዱ ጭራሽ የውጤት ስክሪንሾቱን ከነመለያ ቁጥሩ ለጥፎታል፤ ያ ቁጥርና የልጁ ስም በእጁ የገባ ሰው ውጤቱን በየትምህርቱ ዘርዝሮ ማየት ይችላል። የምዝገባ ወቅት ነውና ማስታወቂያው ለምን እንደተፈለገ ይገባናል። ተማሪው ግን ተጠይቋል?

ጎበዙ ቢኮራበት እንኳ ያልተለጠፈውስ? በ2017 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከአንድ ክፍል የአምስት ልጆች ፎቶ ሲወጣ የቀሩት ውጤት ሳይነገር ተነገረ። ሰፈሩም፣ ዘመድ አዝማዱም ስሙን ፈልጎ ያጣዋል።

ሰልፍ ላይ «ከቲክቶክ ተጠንቀቁ» እያሉ የሚገስጹት እነዚሁ ትምህርት ቤቶች መሆናቸው ያበሳጫል። ተግሣጽ ትምህርት አይደለም። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን አካውንት ከጥር 2013 ጀምሮ በራሱ ዝግ ያደርገዋል፤ የልደት ዘመኑን ዋሽቶ የገባ ልጅ ግን ይህን ከለላ በገዛ እጁ እንደጣለ የነገረው የለም። ቴሌግራም ላይ ቅንብሩን ካልነኩት ማንም እንግዳ ሰው ግሩፕ ውስጥ እንደሚያስገባቸው የሚያውቁስ ስንቶቹ ናቸው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ፎርዋርድ ተደርጎ የተሰራጨ ፎቶ ከምንጩ ቢሰረዝም አይመለስም። ይህን ለማስተማር የአይሲቲ መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከጸደቀ ቆይቷል። የማስፈጸም ኃላፊነት የተጣለበት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራው ብዙ፣ መንገዱም አዲስ መሆኑን አንዘነጋም። ሆኖም ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተመካክሮ ለትምህርት ቤቶች አንዲት የማያሻማ መመሪያ ቢያወርድ ደግ ነው፦ ተማሪውና ወላጁ በጽሑፍ ሳይፈቅዱ ፎቶም ውጤትም አይለጠፍ። የተለጠፈውም ይውረድ።

ይህ እስካልሆነ ድረስ አንዱን ታዳጊ ጠርተን «ፎቶህን አደባባይ አታውጣ» ብንለው፣ ስልኩን አውጥቶ የገዛ ትምህርት ቤቱን ገጽ ያሳየናል። ያኔ የምንመልሰው የለንም።